ድንጋይም ይሞታል

ማክሰኞ
አረንጓዴ! ዛሬም አረንጓዴ። ሆቴሉ አዳራሽ ካለው የዓሣ መስታወት ውሃ ቀዳሁ፣ የመመርመሪያውን ጠብታ ጨመርኩ፣ ብልቃጧን ነቀነቅኩ፣ አረንጓዴ። ቢጫ ብትሆን ዓሣ የሚመርዘው አሞኒያ አለቀ ማለት ነበር፣ ዓሣ ይገባል። ሃያ ሁለት ቀን! ደረጀ ከጅቡቲ ባሕር በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ በከባድ መኪናው ያመጣልኝ ድንጋይ ላይ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት አሉ፤ መርዙን የሚበሉት እነሱ ናቸው። ይሄን ከስልኬ ነው የተማርኩት። የሆቴል ኤሌክትሪሻን ነኝ፣ ማን ያስተምረኛል? ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ሮማን እንግዳ ፊት፣ "አድሚራል፣ ድንጋይህ ቁርስ በላ?" አለችኝ። ሳቁ። ይሳቁ!

ረቡዕ
መብራት ከአራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ጠፋ። ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ ቆመ። ውሃው እንዳይሞቅ በረዶ ያለው ሃይላንድ አንሳፈፍኩ። ውሃው ደግሞ በየቀኑ ሦስት ጣት ይጎድላል፣ ሰመራ እኮ ነው። ጨው በጥብጬ እሞላለሁ። በየቀኑ። ብቻዬን።

ሐሙስ
ሮማን፦ "ዓሣ ለማየት እስከ እሁድ እጠብቃለሁ። ከዚያ መስታወቱ የኬክ ማሳያ ይሆናል።" የኬክ! ሎጊያ ደረጀ ጋ ደወልኩ፣ ሌላ ድንጋይ እንዲያመጣልኝ። "ወንድሜ፣ ኬላ ላይ 'ድንጋይ አገርህ የለም ወይ' ተብያለሁ። በቃኝ።" ጓደኛ ተብሎ!

ዓርብ
ድንጋዩ ላይ የመጣችው ቀንድ አውጣ አሸዋው ላይ ወድቃለች። አትንቀሳቀስም። ውሃው መሽተት ጀምሯል። አልቋል።

ቅዳሜ
ዘበኛው ኡስማን ጨው ስበጠብጥ አየኝ። ድሮ አፍዴራ ጨው ያመርት ነበር።
"የጎደለው ውሃው ነው ወይስ ጨው?"
መበጥበጤን አቆምኩ።
"ወላሂ፣ እኛም እንዲህ ነበር የምናደርገው። ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፣ ጨውን ትተዋለች። ደግመን እንሞላለን። አንተ ዓሣ ነው ወይስ ጨው የምታመርተው?"
የመስታወቱ ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት አለ። ሳየው ነው የከረምኩት! መብራቱን፣ ደረጀን፣ ሮማንን ስሰድብ የድንጋዩን ነፍሳት በገዛ እጄ ገደልኳቸው። አፋር ቁጭ ብዬ፣ በጨው!
ጨዋማውን በጆግ እየቀነስኩ፣ ጨው የሌለው የተጣራ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ጨመርኩ። ሲመሽ እጄ ዛለ።

እሁድ
ብልቃጧ ትናንት ቅጠል ነበረች፣ ዛሬ ቢጫ መሆን የጀመረ ሎሚ። ወይ ዓይኔ ነው።
ኡስማን፣ "ሮማንን ቢጫ ነው በላት፣ እኔ እመሰክራለሁ።"
"አልዋሽም።"
ሮማን ሜትር ይዛ መጣች። መስታወቱን ለካች፣ ጎንበስ አለች፣ ቆየች።
"አድሚራል፣ እዚህ ወድቃ የነበረችው ቀንድ አውጣ የት ገባች?"
ሮጥኩ። አሸዋው ላይ የለችም፤ የሞተ ደግሞ አይሄድም! እኔ አላነሳኋትም። ኡስማን አልነካኋትም ብሎ በአላህ ይምላል። ሦስታችንም ግንባራችንን መስታወቱ ላይ ደፍተን ፈለግን።
እስካሁን አላገኘናትም። ሮማን ግን ሜትሩን ጠቅልላ ኪሷ ከታለች።