የአሮጊቷ እማማ ፊት

ሞንቴቪዴዮ፣ ፓሌርሞ ሰፈር
መጋቢት መጀመሪያ

ይድረስ ባሕር ማዶ ላለኸው ልጄ፣

እንዴት ከረምክ? ያ ወገብህ ተሻለው ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ይይዝሃል? ሚስትህስ ደህና ናት? እኔን የሚያስቸግረኝ ጉልበቴ ብቻ ነው፤ እሱም ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ ስለሚነግረኝ ታርቀን እንኖራለን። ሰፈሩ እንዳለ ነው። ባለ ዳቦ ቤቱ የትናንቱን ዳቦ ዛሬ የወጣ ነው ብሎ ይምላል፤ እኛም እያወቅን እንገዛዋለን።

ይህን ያህል የምጽፍልህ ልጅህ ማይቴ እሑድ እሑድ መምጣቷን ትታ ስለነበር ነው። እሷ ሳትመጣ የሚያልፍ እሑድ ለእኔ እሑድ እንዳልሆነ ታውቃለህ፤ ካላወቅክም አሁን እወቀው። ከመነሻው ላጫውትህ።

በሰፈራችን የከበሮ ቡድን ውስጥ ለካርኒቫል ጥቁሯን አሮጊት እማማ ሆኜ የምጨፍረው እኔ ነበርኩ። ሰፊውን ቀሚስ ለብሼ፣ ሻሼን አስሬ፣ ማራገቢያዬን ይዤ፣ ፊቴን ጥቁር ቀለም ተቀብቼ። ከልጅነትህ ጀምሮ አይተኸኛል። ከጥቁሮቹ ጋር ለካርኒቫል የሚወጣ ነጭ ሁሉ ይቀባ ነበር፤ አባትህም ነፍሱን ይማረውና ተቀብቶ ነበር ከበሮ የሚመታው። ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው ትዝ አይለኝም።

ማይቴ ጠየቀችኝ። በጥር ልምምድ ስንጀምር፣ መስታወት ፊት ተቀምጬ ጉንጬን ስቀባ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና «አያቴ፣ እኔን ለመምሰል ነው?» አለችኝ። እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ «አዎ፣ የእኔ ቆንጆ» አልኳት። «ታዲያ ሰዎቹ ሲያዩሽ ለምን ይስቃሉ?» አለች። በማራገቢያዬ አራገብኩላት። ወጥታ ሄደች፤ ከዚያ በኋላ በመጣው እሑድ አልመጣችም፣ በሚቀጥለውም አልመጣችም።

እኔ ያልገባኝ ነገር ካለ ምግብ እንደማይበላልኝ ታውቃለህ። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ በጥያቄ አሰለቸሁ። ከበሮ የሚጠግነው ሽማግሌ «ወግ ነዋ፤ ወግ ደግሞ ለምን አይባልም» አለኝ። እኔም ጥርስ በጉጠት መንቀልም ወግ ነበር፣ አንተ ግን ሐኪም ቤት ነው የሄድከው ብዬው ተኮራርፈን ተለያየን። በመጨረሻ ወደ ኤቤር ሄድኩ። የማይቴ የእናቷ አባት፣ የእማማዋን ባል፣ ባለ መድኃኒቱን ሽማግሌ ሆኖ ስንት ካርኒቫል አብሮኝ የጨፈረው ሰው እያለ፣ ቀድሜ እሱን አለመጠየቄ ራሱ ይገርመኛል።

መንገድ ዳር ካርቶን አንድዶ የከበሮው ቆዳ እንዲወጠር እያሞቀው ነበር። «ኤቤር፣ የእኔ መቀባት ከፍቶህ ያውቃል?» አልኩት። «ምነው፣ ዛሬ ፀሐይ መታሽ እንዴ?» አለኝ። አልለቀቅኩትም። የማቴ ሻዩን ቀድቶ ሰጠኝ፤ ጠጥቼ መለስኩለት፤ ለራሱ ቀዳ። ከዚያ በኋላ ነው ያወራኝ።

«ወታደሮቹ እኛን ጥቁሮቹን ከግቢያችን ያስወጡን ቀን» አለኝ፣ «እናቴ ድስቷን ታቅፋ ጭነት መኪናው ላይ ወጣች። ወስደው ከተማ ዳር ባዶ ፋብሪካ ውስጥ ጣሉን። በካርኒቫል ጊዜ እኛን ለመምሰል የሚቀባው ነጭ መንገዱን ይሞላው ነበር። ያን ቀን ግን ተቀብቶ መኪናው ላይ አብሮን የወጣ አላየሁም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ሳትነግረኝ ኖርክ?» አልኩት።

«አንቺስ መች ጠየቅሽኝ? ደግሞ ምን ልበልሽ? ጥሩ ጨፋሪ ነሽ፣ ክፋት የለብሽም። ላስቀይምሽ ነው እንዴ?»

ከሁሉም ይሄኛው ነው የቆጠቆጠኝ። ለካ እኔ እንዳይከፋኝ ብሎ እሱ ሲከፋው ኖሯል።

ከዚያማ እኔን ማን ይያዘኝ። ቡድኑ ስለ ቀለሙ ሊነጋገር ስብሰባ ሲጠራ ቀድሜ ተነሣሁ። ስለ ጭነት መኪናው ተናገርኩ፣ ስለ ድስቱ ተናገርኩ፣ ጥቁር መሆን ምን እንደሆነ ለጥቁሮቹም ጭምር አስረዳሁ። አጨበጨቡልኝ፤ ቀለሙም ቀረ። እኔም ማይቴ ይህን ብትሰማ ሮጣ በመጣች እያልኩ በኩራት ልወጣ ስል የማይቴ እናት ፋቢያና በሩ ላይ ያዘችኝ።

«እትዬ፣ ቀለሙን መተውዎ ደግ አደረጉ» አለችኝ። «ግን ዛሬም እኛን ሆነው ነው የተናገሩት። አባቴ እጁን አውጥቶ ነበር። አላዩትም።»

እውነትም አላየሁትም። ስለ እሱ ስናገር እሱ ከጎኔ እጁን አንሥቶ ቆሞ ነበር። አፍሬ «ታዲያ ምን ላድርግ?» አልኳት።

«እኔ እንጃ። እርስዎን ማስተማር ደግሞ ሌላ ሥራ ይሆንብኛል» አለችና ቀጠለች። «ማክሰኞ ማይቴ በጋውን የምትዋኝበት ክበብ ተጠርቻለሁ። ሹሩባዋን ካልፈታች ገንዳ አትገባም ብለዋል። ብቻዬን ስሄድ ቆሜ ነው የሚያናግሩኝ። አብረውኝ ይምጡና ዝም ብለው ይቀመጡልኝ።»

ዝም ብሎ መቀመጥ ለእናትህ ምን ማለት እንደሆነ አንተ ትፈርዳለህ። ሄድኩ። የክበቡ ኃላፊ ገና ስንገባ ወንበር ሳበልን፤ ሥራዬ ብሎ የሚያየው ግን እኔን ነው። «ደንቡ ነው እኮ፣ እሜቴ» ይለኛል። ፋቢያና ትመልሳለች፤ እሱ ለመልሷ መልስ ለእኔ ይሰጠኛል። ምላሴ ላይ ስንት ነገር መጣ፣ ዋጥኩት። ምን እንዳደረግኩ ልንገርህ፤ እሱ ወደ እኔ ባየ ቁጥር እኔ ፊቴን ወደ ፋቢያና አዞርኩ። ደጋግሞ አየኝ፣ ደጋግሜ ዞርኩ። መጨረሻ ላይ የሚያየው ሰው ሲያጣ እሷን አያት። ያኔ ደንቡ የተጻፈበትን አሳየኝ አለችው፤ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ማይቴ በነጋታው ከነሹሩባዋ ዋኘች።

በካርኒቫሉ ሰልፍ ዕለት አሮጊቷን እማማ የሆነችው የኤቤር እኅት ሚርታ ናት። ቀሚሱን ወገቡ ላይ ራሴ አጠበብኩላት። ስሰፋላት ከወጣትነቷ ጀምሮ ይህን ቀሚስ ስትመኝ እንደኖረች ነገረችኝ፤ ይህንንም የጠየቃት አልነበረም። እኔ ፊቴን ታጥቤ ለከበሮ መቺዎቹ ውኃ እያቀበልኩ በጎን በኩል ሄድኩ። ልዋሽህ አልፈልግም፣ ሚርታ ማራገቢያውን ስትዘረጋና ሕዝቡ ሲያብድላት ቀናሁ። ደግሞ ማንም አልሳቀም። ይህን አስተውያለሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ማይቴ መጣች። ለምን ቀረሽ አላልኳትም፤ ለምን መጣሽም አላልኳትም። የቶርታ ፍሪታ ቂጣ በዘይት ጠበስኩላት፣ ስኳር ነሰነስንበት፣ በላን። አፏን ሳትጠርግ «አያቴ፣ አባቴ ቤት ግድግዳ ላይ የእኔ ፎቶ አለ?» አለችኝ።

ልጄ፣ በገና ሰሞን በስልክ ስንተያይ ማይቴ ከኋላዬ ስታልፍ ሚስትህ «ይቺ ቆንጆ የማን ልጅ ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። አፌን ሳልከፍት አንተ መስመሩ ተቆራረጠ ብለህ ዘጋኸው። በእኛ በኩል መስመሩ ደህና ነበር። እኔም ዝም አልኩ፤ ያኛው ዝምታ ግን ክበቡ ውስጥ እንደነበረው ዝምታ አልነበረም። ማይቴ ቆማ ትሰማ ነበር።

ግድግዳውን በተመለከተ አላውቅም፣ እጠይቀዋለሁ አልኳት። እየጠየቅኩህ ነው። ሰውን ሆኜ መናገር ትቻለሁና አንተን ሆኜ አልመልስላትም። መልሱንም ለእኔ አትጻፈው፤ ለእሷ ጻፍላት። ማንበብ ችላለች።

እግዜር ወገብህን ያጽናልህ፣ ቤትህን በሳቅ ይሙላው፣ ማንንም ሳትሸሽግ በር ከፍተህ የምታድርበት ዕድሜ ይስጥህ።

እናትህ፣
የማይቴ አያት