የይታይሽ መሬት አዋሳኝ

የካቲት 10፣ ሰኞ፣ ጧት 1፡30

ደብተሬ፣ የጀልባዬ ሞተር ዛሬም በሦስተኛው ጉተታ ነው የተነሣ። እንደ እኔ ነው፤ ጧት ጧት መለመን ይወዳል። እንግዳዬ ግን ቀድማኝ ባሕር ዳር ወደብ ላይ ቆማለች። የሕይወት አድን ጃኬቷን ከሆቴሏ ጀምራ ለብሳዋለች። ባጃጅ ውስጥም ሰው ይሰምጣል ወይ አልኋት። በቦርሳዋ መታችኝ።

አቺየንግ ትባላለች፤ ባጭሩ አቺ. እላታለሁ። ኬንያዊት፣ የኪሱሙ ልጅ። እነሱም ዘንድ ትልቅ ሐይቅ አለ፤ እምቦጩን ከእኛ በፊት ያውቁታል። ለሦስት ወር የሥራ ልምምድ ነው የመጣች። የእህቴ ልጅ ሰናይት የምትሠራበት ድርጅት የገጠር ሴቶችን ያግዛል፤ አቺ.ን የእኔ የትውልድ መንደር ላይ መደቧት። መንገዱ ስለማይታመን በጀልባዬ አመላልሳታለሁ። እንግሊዝኛ ከሬዲዮና ሽፋን ከሌለው መዝገበ ቃላት ስለለቀምሁ አስተርጓሚዋም እኔው ነኝ።

መንደሩ ፈረንጅ ሲጠብቅ እኛኑ የመሰለች ልጅ ወረደች። አማርኛ አትችልም ብል ማን ይመነኝ። ኮርታ ነው አሉ። አቻምየለሽ ብዬ ስም አወጣሁላት፤ አሁን በዚያ ስም ሁሉም በአማርኛ ያዋራታል፣ እሷም በሁሉም ነገር ራሷን ትነቀንቃለች። ትናንት እንዲህ ስትነቀንቅ አንድ ፍየል ልትገዛ ነበር።

የካቲት 12፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡00

ሚካኤል። ገበሬ በሬ አይጠምድም። ስለዚህ ሴቶቹ ለስብሰባ ጊዜ አላቸው። ዋርካው ሥር አሥራ አምስት ሆኑ። አቺ. ወረቀቷን ሳትዘረጋ ጠየቀች፤ ባል የሞተባችሁ መሬታችሁን ለምን ለእኩል አራሽ ትሰጣላችሁ? ራሳችሁ ለምን አታርሱም?

ተረጎምሁ። ሳቅ። አንዷ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ ኋላ ወደቀች። ሴት እርፍ ጨብጣ! በሬው ራሱ ዞሮ ያያታል አለች ሌላዋ። እኔም አላረፍሁ፤ ካያት በኋላ ወንድ አላገለግልም ቢልስ? አልሁ። እንደገና ሳቅ።

ይታይሽ አልሳቀችም።

ወ/ሮ ይታይሽ የመሬት ጎረቤቴ ናት። ባሏ ከሞተ ስምንት ዓመቱ። መሬቷን ደምለው እኩል ያርስላታል፤ የእኔንም እሱ ነው የሚያርሰው፣ አብሮ አደጌ ነው። ሳቁ ሲበርድ ዝግ ባለ ድምፅ፣ "አያ አየነው፣ ንገራት። መሬቱ የኔ ነው ማለት ጀምሯል በላት" አለች።

ደምለው፣ ሟቹ በቃል ሰጥቶኛል ይላል አሉ። የይዞታ ደብተሯ አምና ክረምት ሐይቁ ቤቷ ሲገባ ራሰ፤ ቀለሙም ፎቶውም ሄደ። መጋቢት 4 ደግሞ የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ማሳ ለማሳ እየዞረ እንደ አዲስ ይመዘግባል። ማን ይሠራዋል፣ ማን ይመሰክራል፣ ነው የሚሉት። የሚሠራው ደምለው ነው።

ልንመለስ ስንል ደምለው ዳር ላይ በሬዎቹን ያጠጣል። ያች ልጅ ምን አለች? አለኝ። የእኔን ነገር ታውቃለህ ደብተሬ። ጠበቃ ናት አልሁት። የመሬት ጠበቃ፣ ከውጭ የተላከች። ለይታይሽ እርፍ፣ ላንተ አንቀልባ ልታከፋፍል ነው የመጣች።

ከልጅነታችን እንዲህ ነን። እኔ እዋሻለሁ፣ እሱ ይሰድበኛል፣ እንስቃለን። ዛሬ አልሰደበኝም። በሬዎቹ ጠጥተው እስኪበቃቸው አቺ.ን አያት። ከዚያ ጀልባዬን አየ፣ ከፊት እስከ ኋላ፣ ሊገዛ እንደሚለካ ሰው።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ፣ ምሽት 12፡00

ጾም ትናንት ገባ። ዛሬ ይታይሽ አረሰች። ደግሜ ልጻፈው፤ አረሰች።

ዘዴው የአቺ. ነው። ይታይሽ አንድ በሬ አላት። ሌላዋ መበለት፣ ወ/ሮ ሙሉ፣ አንድ በሬ አላት። ሁለቱም በሬያቸውን ከእኩል አራሾቻቸው በሬ ጋር ሲያቀናጁ ኖሩ። ሁለቱ እርስ በርስ ለምን አይቀናጁም? አለች። ይህን ያህል ዓመት አንዳችንም አላሰብነውም። እኔ በሬዬን ቀድሞ ሸጬ ሞተር የገዛሁ ሰውዬ፣ ዛሬ አስተማሪ ሆንሁ። እርፉን አትጫኚው፣ አዋሪው እንጂ፣ እላለሁ፤ ወገቤን ይዤ።

የመጀመሪያው ትልም ተጣመመ። ሦስተኛው ቀና። ይታይሽ ስትመለስ ፊቷ ላይ ላብና አፈር፤ "አያ፣ ይኸን ነው ስምንት ዓመት እኩል የከፈልሁበት?" አለች። አቺ. ሳልተረጉምላት ገባት።

ግን ከጉብታው ላይ ወንዶች ቆመው ነበር። ሃያ ይሆናሉ። አንድም የሰደበ፣ አንድም የሳቀ የለም። ሰላም ስላቸው ሁለቱ ብቻ መለሱ። ብዙ ጊዜ ስድብ ጠግቤአለሁ፤ ዝምታ ግን አልለመድሁም።

የመንደሩን መሪጌታ ባለፈው ጠይቄአቸው ነበር፤ ሴት ብታርስ ኃጢአት ነው ወይ ብዬ። የተጻፈ የለም ልጄ አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ ዘንድሮ ባይሆን ግን፣ አሉ። ለምን ዘንድሮ? ዳዊታቸውን ገልጠው ወደ ንባባቸው ተመለሱ።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

የይታይሽ ሞፈር ተቆርጧል። በመጥረቢያ አይደለም፤ በመጋዝ፣ ጊዜ ወስዶ፣ እኩል ለእኩል። ሁለቱን ቁራጭ ደጃፏ ላይ ጎን ለጎን አጋድመውላታል። ውሻዋ አልጮኸም። የሚያውቀው ሰው ነው ማለት ነው።

አቺ. ፎቶ አነሣች። ይታይሽ አንዱን ቁራጭ አንሥታ፣ ደርቋል፣ ለማገዶ ይሆነኛል፣ አለች። ደህና ቀልድ ነው። ሌላ ቀን ብትለው ኖሮ እቀናባት ነበር።

የካቲት 24፣ ሰኞ

አዲስ ሞፈር ከባ/ዳር ጭኜ ወሰድሁ። በከንቱ። ወ/ሮ ሙሉ በሬዬ አሞታል አለች። በሬው ከቤቷ ጀርባ ሣር ይጨረግዳል፤ እኔን የሚያስንቅ ጤና። አይኗን ከመሬት አላነሣችም። አልቀለድሁባትም።

ስንመለስ መሃል ሐይቅ ላይ ሞተሩን አጥፍቼ ለአቺ. ተናዘዝሁ። ጠበቃ ናት ያልሁት እኔ ነኝ። ለደምለው። ለጨዋታ። ሰውየው አምኖኛል፤ ይህ ሁሉ ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ቀድሞ ቀስ እያለ ነበር የሚበላት፤ እኔ አስቸኮልሁት።

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ሊሻለኝ ይችል ነበር። ይልቅ ማስታወሻዋን አውጥታ የማሳውን ቅርጽ ሣለች። በዚህ በኩል ማን ነው? ሐይቁ ነው። በዚህስ? ደምለው ራሱ። በዚህ? የእግር መንገድ። በዚህኛውስ?

እኔ ነኝ።

አንክል፣ ታዲያ ከአንተ ሌላ ምስክር የላትም ማለት ነው? አለች። ሞተሩን ጎተትሁ። በመጀመሪያው ተነሣ፣ የማይረባ። ትንሽ ቢያስለምነኝ ምን ነበር።

የካቲት 26፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡00

በሬ ከሌለ እጅ አለ ብላ አቺ. ዶማ ይዛ ወረደች። አገሯ እናቷ በዶማ ነው ያሳደገቻቸው። ከአሥራ አምስቱ ሴቶች አራት መጡ። ሲቆፍሩ ዋሉ፤ የማሳው ሲሶ ተገለበጠ። አቺ. መዳፏ ተላጠ፣ ለማንም አላሳየችም።

ወደ ዳር ስንወርድ ጀልባዋ የለችም።

ከደንገል ታንኳ የሚሠራው ወዳጄ ሁሴን ከውሃ ዳሩ ደንገል መሃል አግኝቷት እየጎተተ አመጣት። ገመዱን አሳየኝ። በቢላ ነው የተቆረጠ። ከዚያ፣ "አየነው፣ የምትቀልድበትን ሰው መምረጥ አልነበረብህም?" አለኝ። ሁሴን እኔን መክሮ አያውቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እየሳቀ ነው የሰማኝ።

መጋቢት 1፣ ሰኞ፣ ጧት 4፡00

አሁን ወጣ። በሩን ቀርቅሬ ነው የምጽፍልህ።

ደምለው ዓባይ ማዶ፣ ከተማው ቤቴ ድረስ መጣ። በዚህ ሁሉ ዓመት ቤቴን ረግጦ አያውቅም። ነጭ ጋቢ ለብሷል። ሰላምታው ረዥም፤ ከብቱን፣ ልጆቹን፣ ሚስቴን ሳይቀር ጠየቀ። ውሃ እንኳ አልቀመሰም፣ ጾም ነኝ ብሎ። ስለ መሬት አንድ ቃል አልተናገረም። ስለ ይታይሽም። ግድግዳው ላይ ያለውን የልጆቼን ፎቶ እያየ ማን ማን እንደሆኑ ጠየቀኝ። ትንሿ የት ነው የምትማር? በየት በኩል ትመለሳለች?

ምን አመጣህ አልሁት በመጨረሻ። "ቤትህን ልየው ብዬ ነው። ሰው የአብሮ አደጉን ቤት አለማወቁ ነውር ነው።" ሲወጣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ቀልድ ፈለግሁ። አንድም አላገኘሁም።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ሰናይት ጽ/ቤት ጠራችን። አቺ. ከእንግዲህ መንደር አትወርድም፤ ከከተማ ሆና ሪፖርት ትጽፋለች። የተወሰነ ነው፣ ክርክር የለም። አቺ. ተከራከረች። ሴቶቹን አነሣስቼ እኔ ሆቴል ልቀመጥ? አለች። ሰናይት ልክ ነሽ አለቻት፣ ግን አትሄጂም። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ እኔ መሃል ላይ ሁለቱን ተረጎምሁ፣ ሁለቱም እንግሊዝኛ እየቻሉ።

ከዚያ ሰናይት ወደ ኮሪደሩ አወጣችኝ። "አጎቴ፣ ሐሙስ፣ የምዝገባው ቀን፣ ታመም" አለች። ቀላል ነው አለች፤ አንተ ስንት ጊዜ በውሸት ታመሃል።

እውነቷን ነው። በለቅሶ፣ በሠርግ፣ በስብሰባ ታምሜአለሁ። ቀኑን ሙሉ አሰብሁበት ደብተሬ፣ አልዋሽህም። ወገቤ ነው ልል ነበር። ሚስቴም ወገብህ ነው በል አለች። ትንሿን ልጄን ዛሬ ራሴ ከትምህርት ቤት አመጣኋት፣ በሌላ መንገድ። አባዬ ለምን በዚህ? አለች። ፓፓያ ልገዛልሽ ነው አልሁ። ፓፓያውን ገዛሁ።

ከሰዓት ይታይሽ ከሰው ስልክ ደወለች። ትመጣለህ ወይ አላለችኝም። ቆፍረን ጨረስነው አያ፣ አለች፤ ስድስት ሆነን። ሁለት ጨምረዋል። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ፣ ጧት 12፡30

ሚስቴና ልጆቼ በመጀመሪያው መኪና ወደ ዱርቤቴ፣ ወደ እህቷ ቤት ሄዱ። ትንሿ እስከ መጨረሻው በመስኮት እጇን አወዛወዘች።

ጀልባዋ ወደቡ ላይ ታስራ ትውላለች፣ ሁሉም በሚያያት ቦታ። ሞተሩንም አልፈታሁም። ነገ ጧት በእሷ የምመጣ የሚመስለው ሰው ነገ ጧት ይጠብቃት። እኔ ዛሬ፣ አሁን፣ በሁሴን ታንኳ እሄዳለሁ፤ ከደንገል ጭነቱ ሥር ተጋድሜ። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ሁሴን እንዲህ ያለ ዝም ያለ ዕቃ ጭኜ አላውቅም እንዲል አፌን እዘጋለሁ። ሌሊቱን እነ ሁሴን ቤት አድሬ ነገ ኮሚቴው ሲመጣ ማሳው ላይ ቆሜ ያገኘኛል።

ባልደርስ ግን ይህ ይነበብ።

እኔ አየነው፣ በይታይሽ መሬት በደቡብ በኩል አዋሳኝ የሆንሁ፣ በጤናዬና በፈቃዴ የምመሰክረው፤ መሬቱ በምዕራብ ሐይቁ፣ በሰሜን የደምለው ይዞታ፣ በምሥራቅ የእግር መንገድ፣ በደቡብ የእኔ ይዞታ ያዋስኑታል። የይታይሽና የሟች ባሏ ነው። ሟቹ ለማንም ሲሰጥ አላየሁም፣ አልሰማሁም፤ ሊሞት ሰሞን ከጎኑ ነበርሁ፣ ያስጨነቀው ክረምቱና ሚስቱ ብቻ ነበሩ። ደምለው በእኩል ሲያርስ ኖረ፤ እኩሌታውንም ወሰደ። ዘንድሮ መሬቱን በዶማ የቆፈረችው ይታይሽ ናት። አይቻለሁ።

ፈርሜአለሁ። ጎሕ ሳይቀድ ከሰናይት ጋር ቤቴ የመጣችው አቺ. ከሥር ፈረመች። ቋንቋውን ስለማታውቅ እያንዳንዱን መስመር እንድተረጉምላት ጠየቀችኝ፤ ተረጎምሁ፣ ምንም ሳልጨምር። ሰናይት ግን ብዕሩን አልነካችም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ቆየች። አሁን ተመለሰች፤ እጇን ዘርግታለች። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ካልደወልሁ ይህን ደብተር ወረዳ ድረስ ይዛው ትሄዳለች። ውስጡ ስለ እሷ ስንት ነገር ጽፌአለሁ፤ ስለ ምግቧ፣ ስለ እጮኛዋ አፍንጫ። ሁሉንም ታየዋለች።

ሁሴን ከታች እየተጣራ ነው። ልስጣት።