የወንበሬ ስብራትና ከአዳይቱ የወጣው ወሬ

ሰኞ፣ ግንቦት 4። ሰመራ፣ ረፋድ

ውድ ማስታወሻ፣ በጥልቅ ሐዘን እገልጽልሃለሁ፦ የቢሮዬ ተሽከርካሪ ወንበር ዛሬ የኋላ ግራ እግሩን ሰበረ። በዓይኔ መረመርኩት፣ በእጄ ዳበስኩት። ተስፋ የለውም። በሬ ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ ይታረድ ነበር። ንብረት ክፍል ግን ኮሚቴ ይቋቋምለት ይላል። ሰብሳቢው እኔ። የእንስሳት ሐኪም ነኛ!

የዩኒቨርሲቲው ም/ፕሬዚዳንት ከሆንኩ ወዲህ በእጄ ያየሁት የመጀመሪያው ታካሚ መሆኑ ነው።

ከሰዓት። ፕሬዚዳንቱ ጠሩኝ። ጡረታ ሊወጡ ነው፤ ለቦታቸው እንድወዳደር ይፈልጋሉ። ሌላ ተወዳዳሪ በአካባቢው አይታይም። መልስ እስከሚቀጥለው ረቡዕ። አመሰገንኩ። ኮራሁ። ስወጣ ግን እግሬ ወደ እንስሳት ክሊኒኩ ወሰደኝ። ሙቀቱ ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9። አዋሽ፣ ወደ ማታ

በማለዳ ከሰመራ ወጣን፣ ወደ ቤቴ ወደ አዋሽ። የሚነዳው ኑሩ ነው፣ የወሎ ልጅ፣ ምላሱ ከመኪናው ይፈጥናል። አዳይቱ ስንቃረብ አንድ ሽማግሌ መንገዱ መሀል ቆመው እጃቸውን ዘረጉ። ሁመድ ይባላሉ። ግመላቸው ምጥ ላይ ናት፣ ካማጠች ቆይታለች። ኑሩ የም/ፕሬዚዳንት መኪና መሆኑን ሊያስረዳ ጀመረ። ሽማግሌው፣ ውስጥ ያለው የእንስሳት ሐኪም መሆኑን ሰምቻለሁ፣ አይደለም እንዴ? አሉ። ወረድኩ።

የግልገሏ አንገት ወደ ኋላ ታጥፏል። ሸሚዜን አወለቅኩ፣ ሳሙና፣ ውሃ፣ ክንዴ እስከ ብብቴ። እገፋለሁ፣ እፈልጋለሁ፣ ያመልጠኛል። አገጯን ያዝኩ! አቃናሁ። ወጣች። ዝም። ከዚያ አስነጠሰች። አልሐምዱሊላህ ብዬ ጮህኩ፤ የተሾምኩ ዕለት እንኳ እንዲህ አልጮህኩም።

ከዚያ ግራር ሥር ዳጉ። አፋር ወሬ ሳይለዋወጥ አይለያይም፤ ያየኸውንና የሰማኸውን ትናገራለህ፣ የሰማህ ሰው ለሚያገኘው ያደርሳል፣ ያም ለሚቀጥለው። ከአንተስ ምን አዲስ አለ? አሉኝ። ደስታው አስክሮኛል። ቢሮውን ተውኩት፣ ከሐምሌ ጀምሮ የእናንተ ሐኪም ነኝ፣ ኢንሻአላህ፣ አልኩ። ቀልድ ነው። ሁመድ አልሳቁም። ከማን ሰማህ? አሉ። ከራሴ። ቃል በቃል ደገሙልኝ። ልክ ነው አልኩ። እዚህ ላይ አፌን ማን በያዘልኝ!

መኪና ውስጥ ኑሩ ራሱን ነቀነቀ።

«ዶክተር፣ ዳጉ ላይ ይቀለዳል እንዴ?»

«ተወው ባክህ፣ ማን ያስታውሰዋል?»

«እሱን አዋሽ ስንደርስ እናያለና!»

ደረስን። ባለቤቴ ሰዓዳ በር ላይ ቆማለች። ወተት የምታመጣልን ሴትዮ ነግራታለች።

«መልቀቅህን ከወተት ሻጭ ልስማ? ሸሚዝህስ ምን ሆነ?»

ለታሪክ ይመዝገብ፦ ለቅቄአለሁ የሚባለው ፍጹም ሐሰት ነው።

እሑድ፣ ግንቦት 10። አዋሽ

በራፌ ላይ ፍየሎች። ባለቤቶቻቸውም። ሐኪሙ መጣ ተብሏል። አንዷ የሰዓዳን አበባ በልታ ጨርሳ ነው ምርመራ የጀመርነው። የሚያነክስ አየሁ፣ የሚያስል አየሁ፣ አንዱ ምንም የለው፣ ሰው ለማየት ነው የመጣው። ሳላውቀው ምሳ ሰዓት አልፏል። ሰዓዳ፣ ከስብሰባ ስትመጣ እንዲህ ያለ ፊት አይቼብህ አላውቅም አለችኝ። ፊቴን ታጠብኩ።

ፕሬዚዳንቱ ደወሉ። እሳቸውም ሰምተዋል! የሕዝብ ግንኙነት ክፍላችን አንድ ዜና ከምድር ቤት ወደ አንደኛ ፎቅ ለማውጣት ሳምንት ይፈጅበታል፤ የኔ ወሬ ሳያርፍ ሰመራ ገብቷል። ነገ አስተባብላለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

ሰኞ፣ ግንቦት 11። አዳይቱ፣ መኪና ውስጥ

ለማስተባበል ወረድኩ። ግልገሏ ቆማ ትጠባለች፣ እግሮቿ ገና እርስ በርስ አልተስማሙም፤ ከወንበሬ ግን ትሻላለች። ለሁመድ፣ ያልኩት ቀልድ ነበር አልኳቸው።

«ወሬውን ልመልሰው እችላለሁ» አሉ። «ግን ምን ብዬ? ሐኪሙ ዋሸ ብዬ? ወይስ ሁመድ ዋሸ ብዬ?»

ኑሩ ሹክ አለኝ፦ በዳጉ የዋሸ ሰው ከእንግዲህ አጠገቡ የሚቀመጥ አያገኝም። ሁመድ ዕድሜ ልካቸውን ሰው ያመናቸው ናቸው። በኔ ቀልድ ስማቸው ሊጠፋ። ፈገግታዬ ደረቀ።

ሽማግሌው ደግሞ ጠየቁኝ፦ ስትናገር ፊትህን አይቻለሁ፣ የሚቀልድ ሰው ፊት አልነበረም። እውነት ቀልድ ነበር?

ወደ መኪናው ተመልሼ ገባሁ። ይህን የምጽፈው ኑሩ ሞተር አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው። ወርጄ ለሁመድ ወሬው እንዳለ ይቆይ ብዬ መጣሁ አልኩት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13። ሰመራ

መልሴን ሰጠሁ። አልወዳደርም። ከሐምሌ ጀምሮ ምክትልነቱም ይቅርብኝ፤ የእንስሳት ክሊኒኩና ማስተማሪያ ክፍሉ ይበቁኛል። ፕሬዚዳንቱ ወንበሩ ተሰብሮ ነው? አሉ። ሳቅን። ሰዓዳ በስልክ፦ ፍየሎቹ በበሉት አበባ ፋንታ እሾህ እንትከል።

እርማት፦ ቅዳሜ ግንቦት 9 በዚህ ማስታወሻ ላይ «ፍጹም ሐሰት» ተብሎ የሰፈረው፣ «የወሬው ባለቤት ራሱ ገና ያልሰማው እውነት» ተብሎ እንዲነበብ እናሳስባለን። ሁመድ ያሉት ትክክል ነው።