ሃያ አራት ብርጭቆ ፓናኮታ

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ፣ ማታ 2 ሰዓት

ወተቱ ገንፍሏል። ምድጃው ነጭ ሆኗል። ሳልጠርገው ነው የምጽፍልህ ደብተሬ፣ አሁን ካልጻፍኩት ነገ ራሴም አላምነውም።

እትዬ ሐሊማ ደውለው ነበር። የአባቴ ታላቅ እህት። በየዓመቱ ረመዳን ሲጋመስ ይደውሉና ለኢድ ምሳ ማን ምን ሠርቶ እንደሚመጣ ይደለድላሉ። ቤታቸው አማኑኤል፣ በላተኛው ሃያ ሁለት፣ ድልድሉ የማይነቃነቅ። ወጡ የነጃት፣ የወንድሜ ሚስት። ሳምቡሳው የእህቴ። የእኔ ለስላሳ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለስላሳ! ሙያ ለሌላት ሴት የሚሰጥ ሥራ ነው፣ ሁለት ሳጥን ማስጫን። እውነቱን ለመናገር ሙያ የለኝም። ከአሥራ ሰባት ዓመቴ ጀምሮ አንዋር መስጊድ ጀርባ ብርጭቆና ሳህን እየሸጥኩ፣ ሽንኩርት ማቁላላት መቼ ልማር?

ዛሬ ግን አፌ ቀደመኝ። ጣፋጭ እኔ ሠርቼ እመጣለሁ አልኩ። እሳቸውም፣ "ሙኒራ፣ አደራ፣ ሰው ፊት እንዳታዋርጂኝ።"

በቃ፣ ቃሌ ተይዟል። ከተበላሸብኝ ዕድሜ ልኬን ባለ ሳጥን ነኝ። ከአሁን በኋላ ማንም ድስት አያስነካኝም።

የምሠራው ፓናኮታ ነው። የጣልያን። ክሬምና ወተት ይሞቃል፣ በጄላቲን ይረጋል፣ ፍሪጅ ውስጥ ይቀዘቅዛል፣ ላዩ ላይ ፍራፍሬ። ስልኬ ላይ አንዲት ሴት በአራት ደቂቃ ሠርታ ጨረሰችው። ሽንኩርት የለውም። ደግሞም የሚቀርበው በብርጭቆ ነው። በብርጭቆ ጉዳይ ማን ይቀድመኛል?

ምድጃውን ልጥረግ።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ጄላቲን ፍለጋ። ከዙህር ሶላት በኋላ ሱቁን ለእህቴ ትቼ ወጣሁ። የአሳማም አለ የበሬም አለ፣ ነገሩ እዚያ ላይ ነው። እትዬ ሐሊማ ማንኪያ ከማንሳታቸው በፊት ይህንኑ እንደሚጠይቁ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ነጋዴ ምንም ያልተጻፈበት ላስቲክ ሰጠኝ። "ወላሂ የበሬ ነው።" ወላሂህን ያዝና ማኅተሙን አሳየኝ አልኩት። ሳቀ። ሁለተኛው ተቆጣ። ሦስተኛው ጋ ሐላል የሚል ምልክት ያለበት እሽግ አገኘሁ፣ አራት ገዛሁ። ሃያ አራት ዓመት ሻጭ ሆኜ፣ እንደ ዛሬ ነዝናዛ ገዢ ሆኜ አላውቅም።

ስመለስ ከቅመም ተራ ሄል ያዝኩ። ሄሉ የራሴ ሐሳብ ነው። ጣልያኖቹ አያደርጉበትም። ይቅርታ ያድርጉልኝና ቀርቶባቸዋል።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ፣ ማታ

አልረጋም። አልረጋም። አልረጋም።

ፓፓያ ፈጭቼ ክሬሙ ውስጥ ቀላቅዬ ነበር፣ ትናንት ከኢፍጣር በኋላ። አንድ ቀን ሙሉ ፍሪጅ ውስጥ ዋለ። ዛሬ አወጣሁት፣ ሾርባ። ቢጫ ሾርባ።

ጎረቤቴ እትዬ ፀሐይ (ከዚህ በኋላ እ/ፀ፣ እጄ ደክሟል) ገቡ። የሆቴል ወጥ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው፣ መሳለሚያ ያለው ግቢያችን ውስጥ ግድግዳ እንጋራለን። ብርጭቆውን አይተው ጭማቂ ነው እንዴ አሉኝ። ፊቴ ተቃጠለ። ስነግራቸው ግን ወዲያው ገባቸው። ጥሬ ፓፓያ ሆቴል እያሉ ጅማታም ሥጋ ለማለስለስ ይጠቀሙበት ነበር። "ጄላቲንሽ እኮ ከቆዳና ከጅማት የሚወጣ ነው፣ ፓፓያው በልቶታላ!"

አላሾፉብኝም። እኔ ነኝ በራሴ የተናደድኩት። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ነጃት ይህን አታውቅም። ዛሬ እኔ አውቃለሁ።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ፣ ማታ

ቆመ!!

ብርጭቆውን አዘነበልኩት፣ አይፈስም። ነቀነቅኩት፣ ትንሽ ይርገበገባል፣ ይመለሳል። ክሬሙ ለብቻው፣ ማንጎው ከላይ። ትናንት ከኢፍጣር በኋላ ስሠራው ስኳሩን እየቀመስኩ ጨመርኩ፣ ምላሴ በቃ እስኪል። ብቻዬን ሁለት ብርጭቆ በላሁ። እኔ ሠራሁት። እኔ፣ ሙኒራ። መስኮት ከፍቼ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

እ/ፀን ጠራሁ። ሁዳዴ ላይ ናቸው፣ ክሬም አይነኩም። ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች አንድ ላይ ገጥመዋል፣ ግቢያችን ቀን ቀን ጭስ የለውም። ብርጭቆውን አፍንጫቸው ሥር ያዝኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። "አንቺ ልጅ፣ አፍንጫዬን አስገደፍሽኝ!" ሄሉን ለዩት። የሆቴል አፍንጫ ነው፣ አይሳሳትም።

አሠራሩን በወረቀት ጻፍኩ። ክሬም ይህን ያህል፣ ወተት ይህን ያህል፣ ጄላቲን፣ ሄል፣ አይፍላ፣ ስድስት ሰዓት ይቀዝቅዝ። ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። ስኮራ ጽሑፌ ያምራል።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ፣ ንጋት 1 ሰዓት

ጨረቃ ዛሬ ማታ ከታየች ኢድ ነገ ነው፣ ካልታየች ሰኞ። የኢድ ዋዜማ ገበያ ደግሞ ሰው እስኪረጋገጥ ነው፣ ማታ ስመለስ እግር አይኖረኝም። ስለዚህ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሠራሁት። ሃያ አራት ብርጭቆ። ከወረቀቱ አንድ መስመር አልዘለልኩም።

አልቀመስኩም። እትዬ ሐሊማ የሚያበስል ሰው በምላሱ ጫፍ ቀምሶ ቢተፋ ጾሙ አይበላሽም ይላሉ። ይሁን። ግን እኔ ክሬም አፌ ውስጥ አስገብቼ የምተፋ ሰው አይደለሁም፣ ራሴን አውቃለሁ። እ/ፀም አይቀምሱም። ሁለት ጾም፣ አንድ ቀማሽ የለም። ምንም አይደለም። በዓይን ሲታይ እንከን የለውም። ፍሪጁን ሦስት ጊዜ ከፍቼ አየሁት። ሱቅ ረፈደብኝ።

ያው ቀን፣ ማታ 3 ሰዓት

ስኳር የለውም።

በቴምርና በውኃ አፈጠርኩ፣ ከዚያ በኩራት አንድ ማንኪያ። የረጋ ወተት ነው! ስኳር ረስቻለሁ። አልረሳሁም፣ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ሁልጊዜ ስኳሩን የምትጨምረው ምላሴ ነበረች፣ እጄ ደግሞ ወረቀቱን ብቻ ነው የምታውቀው። ምላሴ ጾመኛ ስትሆን ስኳሩ ቀረ። ነጃት ብትሆን እንቅልፍ ላይ ሆናም አትረሳውም።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ጨረቃ ታየች። ሰፈሩ ተክቢራ በተክቢራ ሆነ፣ ስልኬ ኢድ ሙባረክ፣ ኢድ ሙባረክ። ለሰኞ ብትቆይልኝ ምን ነበረበት? እትዬ ሐሊማ ጋ ደውዬ አሞኛል ልል ስልኬን አነሳሁ። ቁጥራቸውን አወጣሁ። ከዚያ አፈርኩ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አሞኛል?

ተነሣሁ። በሙቀት የሚቀልጥ ነገር ተመልሶ ይረጋል፣ ይህን በሁለት ሳምንት ተምሬያለሁ። ብርጭቆዎቹን በየተራ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አቆምኳቸው። ቀለጡ። ድስት ውስጥ ገለበጥኩ፣ ስኳር፣ ለስ ባለ እሳት፣ እንዳይፈላ እንደ ሕፃን እየጠበቅኩ። ቀመስኩ። ጨመርኩ። ቀመስኩ። በቃ! ብርጭቆዎቹን አጥቤ አሽቼ (የብርጭቆ ነጋዴ ነኝ፣ ጣት የተለጠፈበት አላቀርብም) መልሼ ሞላሁ። አሁን ፍሪጅ ገባ። ቀምሼ የጨረስኩት አንድ ብርጭቆ ጎድሏል። ሃያ ሦስት።

ወረቀቱ ላይ ስኳር ብዬ በቀይ ጻፍኩ።

መጋቢት 21፣ እሁድ፣ ኢድ

ረግቷል። አልሐምዱሊላህ።

ከመሳለሚያ አማኑኤል ሃያ ሦስት ብርጭቆ ሳይፈስ እንዴት ይሄዳል? ለሌላ ሰው ጭንቅ ነው። እኔ ግን ብርጭቆ የሚመጣበት፣ ውስጡ በካርቶን የተከፋፈለ ሣጥን ሱቄ ሞልቶልኛል። ባጃጁ ተንገጫገጨ፣ ብርጭቆዎቹ ንቅንቅ አላሉም። ማንጎውን እዚያው ደርሼ ከላይ አፈሰስኩ።

ከምሳ በኋላ አቀረብኩ። እንደጠበቅሁት፣ መጀመሪያ ያረጋው ምንድን ነው ሲሉ እትዬ ሐሊማ ጠየቁ። ማሸጊያውን ከቦርሳዬ አወጣሁ። መነጽራቸውን አድርገው ምልክቱን አዩ፣ ከዚያ ማንኪያ አነሡ። ማንኪያዋን በዓይኔ ተከተልኳት። ነጃት ኬክ ቤት የሚሸጥ ይመስላል አለች። ማመስገኗ ይሁን ገዝታ ነው ማለቷ ይሁን አልገባኝም፣ ደሜ ፈላ። ምን እንደያዘኝ አላውቅም፣ የስኳሩን ታሪክ ከነማቅለጡ ዘርግፌ ነገርኳቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወንድሜ እንባው መጣ።

እትዬ ሐሊማ አልሳቁም። ብርጭቆውን እስከ ታች ፋቁት። "ወጥ አሳርራ የማታውቅ፣ ወጥ ሠርታ የማታውቅ ናት" አሉ። ከዚያ ሁለተኛ አምጪ አሉኝ። ሁለተኛ! ሃያ ሦስተኛዋን ሰጠኋቸው።

ሰማህ ደብተሬ? ሁለተኛ።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ሱቅ

እትዬ ሐሊማ ደወሉ። የልጅ ልጃቸው ሰሚራ ከሁለት ሳምንት በኋላ ኒካ አላት፣ ልትዳር ነው። ያንን ጣፋጭ ይፈልጋሉ። መቶ ሃያ ሰው። ልቤ ዘለለች። ከዚያ፣ ወረቀቱን ለነጃት ላኪላት፣ የብዙ ሰው ድስት የለመደች እሷ ናት አሉ።

እሺ አልኩ። ስልኩን ዘጋሁ። ንጹሕ ብርጭቆ መወልወል ጀመርኩ። ደንበኛ ገባች፣ ምን እንደፈለገች አልሰማሁም።

ጣፋጩን ወደዱት። እኔን ግን አሁንም አላመኑኝም። ይህ ነው የሚያመኝ፣ ሌላ አይደለም።

10 ሰዓት

መልሼ ደወልኩ። ትልቅ ሰው እምቢ አይባልም፣ አውቃለሁ። "እትዬ፣ ወረቀት አልልክም፣ አይቆጡኝ። ወረቀቱን አምኜ የሆንኩትን ሰምተዋል። ከፈለጉት እኔው እሠራዋለሁ።" ከበስተጀርባ ቲቪያቸው ይሰማል። መቶ ሃያ ሰው እኮ ነው፣ ትችያለሽ ወይ አሉ። እችላለሁ አልኩ። ፍሪጄ ሃያ አራት ብቻ እንደሚይዝ አልነገርኳቸውም።

"እንግዲያው የምትፈልጊያትን ጠርተሽ እዘዢ" ብለው ዘጉ።

እዘዢ አሉኝ። እኔን።

እ/ፀ ፍሪጃቸውን ሰጡኝ፣ ሁዳዴ ስለሆነ ከሎሚ በቀር ምንም የለበትም። የእህቴ አለ። ሌላ ሁለት ይገኛል። መጀመሪያ ግን ነጃት ጋ ደወልኩ። በትሕትና፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አዘዝኳት። ለኒካው ዋዜማ ጠዋት አንድ ሰዓት እኔ ቤት ትደርሳለች። የተሳለ ቢላዋ ይዛ። ማንጎ ትልጣለች።