መልእክቱን የጻፈልህ ማን ነው?

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? በመጋዘኑ ሥራ ያመመህ ትከሻ ተሻለህ ወይ? እንቅልፍህስ? አብሮህ የሚኖረው ልጅ አሁንም ያንኮራፋል ወይስ ለመድከው? እኛ ደህና ነን። እማ ጤነኛ ናት፤ ደረጃው ላይ ብቻ ጉልበቷ ያስቸግራታል። መንትዮቹ ጫማ እየጨረሱ ያድጋሉ። እኔም አለሁ። ሰው ፊት አፌ እንደተሳሰረ ነው፤ ወረቀት ላይ ግን እንደምታውቀው አላርፍም።

ስልክ እያለ ወረቀት ማበላሸት ምን አመጣው ትል ይሆናል። ስልኩን ስላላመንኩት ነው። እንዳትቆጣኝ እንጂ አንተንም ትንሽ ጠርጥሬሃለሁ።

እማ ክፍልህን ለልብስ ሰፊዋ ታከራየው እንደሆነ በእኔ አስጽፋ ጠይቃህ ነበር። ስትደውል መስመሩ ይቆራረጥና «እጽፋለሁ» ብለህ ትዘጋለህ፤ ስለዚህ በስልክ መልእክት ጻፍንልህ። ማወቅ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ ትመጣለህ ወይስ አትመጣም። ወዲያው ረጅም መልስ መጣ። ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ውድ እናቴ፣ ጥያቄሽን በጥልቀት ተረድቻለሁ» ይላል። ማከራየት ብዙ ጥሩ ጎን አለው ይላል፤ አለማከራየትም የራሱ ጥሩ ጎን አለው ይላል። መጨረሻ ላይ «የትኛውንም ብትመርጪ ከጎንሽ ነኝ» ይላል። እማ እጇን ከሳሙናው ውሃ ሳታወጣ አዳመጠችና «ታዲያ ይመጣል አለ?» አለችኝ። ከላይ እስከ ታች ፈለግሁት። የለም። «እያሰበበት ነው» አልኳት። «ልጄ እንዴት በሰለ!» ብላ ደስ አላት። እኔ ግን መልሼ አነበብኩት። አንተ እኮ ስትናደድ «ተዉኝ»፣ ስትደሰት «እሺ በቃ» ከማለት ሌላ የምታውቀው አልነበረህም። ከመቼ ወዲህ ነው ነገር በጥልቀት የምትረዳው? እኔንም «ውድ እህቴ» ብለኸኛል። አይጢት ስትለኝ እናደድ ነበር፤ ለካ ይሻል ኖሯል።

ለእማ ሳልነግር ፈተንኩህ። የጎረቤቱን ውሻ ምን ብለን እንጠራው ነበር ብዬ ጻፍኩ። «እነዚያ የልጅነት ትዝታዎች ሁልጊዜም በልቤ ውስጥ ናቸው» የሚል መጣ። ወንድም ጋሼ፣ ውሻው የነከሰህ ልብህን አልነበረም፤ መቀመጫህን ነበር።

ስልክ ጠጋኙ ጋ ሄድኩ። ሰፈሩ «አፕዴት» ነው የሚለው፤ የተሰበረ ስክሪን ብትወስድለትም «መጀመሪያ አፕዴት እናድርገው» ስለሚል። መልእክቶቹን ሳሳየው ሳቀ። «ይሄማ መተግበሪያ የጻፈው ነው። ሥራ የበዛበት ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ላንቺም ልጫንልሽ፤ አንቺ እንደሁ አፍ የለሽም፣ እሱ ይናገርልሻል» አለኝ። እምቢ ለማለት ስዘጋጅ ጭኖ ጨረሰ። መተግበሪያው ገና ሳይከፈት ማይክሮፎኑን ፍቀጂ፣ ፎቶዎችሽን ፍቀጂ፣ የሰዎችሽን ቁጥር ፍቀጂ ይላል። ደብዳቤ ለመጻፍ ፎቶዬ ምን ያደርግለታል? አፕዴት ሁሉንም እሺ፣ እሺ እያለ አለፈው። ከዚያ ነካ ነካ አደረገና በእኔ ስም ለአንተ የተጻፈ አሳየኝ። ያምራል። ከእኔ አብልጦ ይናፍቅሃል። እንባዬ ሊመጣ ሲል ደነገጥኩ፤ አያውቅህም እኮ! «አጥፋው!» አልኩ። እንዲህ ጮኼ ስለማላውቅ እሱም ደነገጠ። አጥፍቼዋለሁ ብሏል። መጥፋቱን ግን አላምንም፤ ልብስ ስቀይር ስልኩን በፊቱ እደፋዋለሁ።

ምናልባት በድዬህ ይሆናል። ያን ሁሉ ካርቶን ስታነሳ ውለህ ጣትህ ዝሎ ይሆናል። ወይም ደግሞ «አልመጣም» ማለት ከብዶህ፣ የማይከብደው መተግበሪያ እንዲልልህ ሰጥተኸው ይሆናል። እኔ የምፈራው ይህንን ነው። እሱም ቢሆን አላለልህም።

ልብስ ሰፊዋ በወሩ መጨረሻ ዕቃዋን ታመጣለች፤ እማ ቃል ሰጥታታለች፤ ግን አልጋህን እንድናወጣ አትፈቅድም። ትናንት ስልኩን ተቀብላኝ በአውራ ጣቷ እየዳበሰች «የቱ ነው የሱ ፊደል?» አለችኝ። ማንበብ ባትችልም የአንተን ጽሕፈት ከሩቅ ትለየዋለች፤ ያንን ነፋስ እንደገፋው ሁሉ የሚያዘነብለውን። ምን ልበላት?

ስለዚህ በእጅህ ጻፍልን። እመጣለሁ ወይ አልመጣም፤ አንድ ቃል ይበቃል። የውሻውንም ስም ጻፍበት፤ እዚህ ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ወረቀቱን መጀመሪያ ለእማ እሰጣታለሁ። ፊደልህን አይታ ስትጠግብ፣ የመጣው ቃል የትኛውም ቢሆን ሳልለውጥ አነብላታለሁ።

እማ ትከሻህን በሙቅ ውሃ ያዝ ብላሃለች። መንትዮቹ እየተሻሙ ይስሙሃል። አክስታችን ከታች ቤት ሆና ሰላም ብላሃለች። አፕዴትም ሰላም በይልኝ ብሏል፤ እሱስ በገዛ አፉ ነው ያለው። ለሚያንኮራፋው ጓደኛህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

እህትህ አይጢት

ከክፍልህ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ፣ አልጋህ ገና ሳይነሳ
መጋቢት 11 ቀን