ሦስተኛው ደረጃ

ጥቅምት 6፣ ጠዋት

ከቅዳሴ መልስ። ቁርስ በልቻለሁ፣ አልወረደልኝም።

ግድግዳ ላይ የለጠፍሁትን፣ አብራሪ የምሆንበትን የደረጃ ወረቀት እንደገና ጻፍሁት። ስንተኛዬ እንደሆነ አንተ ደብተር ታውቃለህ። የጽሑፍ ፈተና፣ ቃለ መጠይቅ፣ ሦስተኛው ደረጃ የሕክምና ምርመራ። ከዚያ የክፍል ትምህርት፤ ከዚያ ከአስተማሪ ጋር መብረር፣ ብቻን መብረር፣ ማታ መብረር፣ ደመና ውስጥ በመሣሪያ ብቻ መብረር። መጨረሻ ፈቃድ። የሚያስፈራኝ እንግሊዝኛው ነው። ብቻን መብረሩም። ሕክምናውን እንኳ ተወው፣ ጤነኛ ነኝ።

እናቴ ለማኅበርተኞቿ ሁሉ ነግራለች። ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ካፒቴን ይለኛል። ገና ለፈተናው አልተመዘገብሁም! ላም አለኝ በሰማይ።

ጥቅምት 9፣ ማታ

ታምራት መጣ። የግቢያችን ተከራይ፣ የሀዋሳ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተምራል። የአብራሪዎችን የዓይን ምርመራ በላፕቶፑ አሳየን። በነጠብጣብ የተሞሉ ክቦች፤ ውስጣቸው ቁጥር አለ አሉ። እሱ ያነባል። እህቴ ሰላም ታነባለች። እኔ የማየው ነጠብጣብ።

ስክሪኑ አሮጌ ነው አልሁ። ሰላም ሳቀች። ታምራት ስላልሳቀ እሷም ተወችው።

እናቴ ከጓዳ ሆና፣ «የአባቴ ዓይን ነው» አለች። አያቴ ቃሪያና የበሰለ በርበሬ ሳይለዩ ነው የሞቱ። እንደ ጨዋታ ነው የነገረችን። እኔ ግን ቲማቲም ስገዛ ለምን በአውራ ጣቴ እየተጫንሁ እንደምመርጥ ገባኝ።

ጥቅምት 10

የአባቴን የጸሎት መጽሐፍ አወጣሁ። የአምላክ ስም፣ የእመቤታችን ስም በቀይ ቀለም ነው የሚጻፍ። ዲያቆን ነኝ፣ ይህ አይጠፋኝም። ሰላምን አጠገቤ አስቀምጬ ቀዩን በጣቴ አሳየኋት። አንድም አልሳትሁም። እፎይ ልል ስል፣ ከላይ ያሉትን ሁለት መስመሮች ለምን ዘለልሃቸው አለችኝ።

«ምናቸው?» አልኋት።

ከዳር እስከ ዳር ቀይ ናቸው አለችኝ። ስም የለባቸውም፤ ለእኔ እንደሌላው ጥቁር ነበሩ።

ለካ ቀዩን አይቼው አላውቅም። ስሙን ስለማውቅ ነው ቀይ የምለው። ልጅ ሆኜ የኔታ ዘንድ ስማር፣ «ቀይ» የክብር መጠሪያ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያስቀኛልም።

ጥቅምት 13

ሰላም መላ አመጣች። «ስንቱን ግእዝ በቃልህ ይዘህ የለ እንዴ? ይችንማ ምን አላት!» አለች።

እውነቷን ነው። በቃል መያዝ ላይ ማን ይደርስብኛል? ክቦቹን አንድ በአንድ ያዝሁ፤ የዳር ነጠብጣባቸውን ከነቁጥራቸው። በዜማ አደረግሁት። ምሳ ሳይቀርብ አለቀ። ታምራት ቢያደባልቀውም አልሳትሁም። እናቴ እልል አለች። ታምራት ላፕቶፑን ዘግቶ ወደ ክፍሉ ገባ። ምን ሆነ?

ግድ የለኝም። ሦስተኛው ደረጃ አለፈ!

ጥቅምት 16፣ ከሰዓት

ከታምራት ጋር ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ጋፋት በእግር ሄድን። መንገድ ላይ ተናገረ። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ፣ ከመንደርደሪያው ጎን፣ ለማረፍ ስትወርድ የምታያቸው አራት መብራቶች አሉ። አራቱም ነጭ ከሆኑ ከፍ ብለሃል። አራቱም ቀይ ከሆኑ ዝቅ ብለሃል፣ ሳትደርስ መሬት ልትመታ ነው። ሁለት ነጭ ሁለት ቀይ ሲሆኑ ልክ ነህ።

«እነዚህንስ እንዴት አድርገህ በቃልህ ትይዛቸዋለህ?» አለኝ።

ጮህሁበት። ምቀኛ አልሁት። የአገሬ ልጅ ብትሆን እንዲህ አትልም አልሁት፤ ይኸኛው ከአፌ መውጣት አልነበረበትም። ጥሎኝ አልሄደም። እኔ ነኝ ጥዬው የተመለስሁ።

ጥቅምት 17፣ ረፋድ

ጠዋት ጉም። ለቅዳሴ ረፍዶብኝ ባጃጅ ያዝሁ፣ ከነጂው አጠገብ። ንዳው፣ መንገዱ ባዶ ነው እለዋለሁ። ድንገት ፍሬን ረገጠ። ወደ ገሳይ የሚሄድ ሚኒባስ ከፊታችን ቆሟል፣ አፍንጫችን ስር።

«ካፒቴን፣ የኋላውን ቀይ መብራት አላየኸውም እንዴ?» አለኝ ነጂው።

አላየሁትም። ከኋላ አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ውጭ ማየቷን ቀጠለች። ቅዳሴው እስኪያልቅ የማስበው እሷን ነበር።

ያው ቀን፣ ማታ

ታምራትን ይቅርታ ጠየቅሁት። ሻይ አፈላልኝ። ሰኞ ባሕር ዳር፣ ዓይን ሐኪም ዘንድ አብሮኝ ይሄዳል። ክቦቹን በቃሌ እንደያዝሁ ሳልቀመጥ ለሐኪሙ እነግረዋለሁ። ሌላ መመርመሪያ ካለው በዚያ ይየኝ።

ፈርቻለሁ። እናቴ ገና አታውቅም፤ ጓዳ ሆና የክቦቹን ዜማ ታንጎራጉራለች፣ ከእኔ ሰምታ።

የግድግዳውን ወረቀት አወረድሁት። አዲስ ጀመርሁ።

ደረጃ 1፦ ሕክምና።

ደረጃ 2፦