የምጽዋ ባሕር በመስታወት ሣጥን

ጥቅምት 4 ቀን 1970

ዛሬም የመስታወት ሣጥኑ ውስጥ ሁለት ኩባያ የዝናብ ውሃ ጨመርኩ። ውሃው ይተናል፣ ጨዉ ግን ይቀራል... ባሌ ክንዱ አሥር ጊዜ ነው ያስጠናኝ። ጨዉን የምለካው ከላቦራቶሪያችን በመጣች፣ የሽንትን ክብደት በምትለካ ተንሳፋፊ ብርጭቆ ነው። የሆስፒታል ባልደረቦቼ ቢያውቁ ይስቁብኝ ነበር።

ባሌ ባሕር ኃይል ነው፣ ምጽዋ። አምና ለፈቃድ ሲመጣ ሣጥኑን ከነባሕር ውሃው በመኪና ጭኖ አመጣልኝ። አንድ ድንጋይ፣ ድንጋዩ ላይ አምስት የባሕር እንጉዳዮች። እንጉዳይ ይምሰሉ እንጂ እንስሳት ናቸው፤ ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ ወይን ጠጅ። ሁለት ሽሪምፖች፣ ባለ ቅርፊትና ባለ ረጅም ጢም። ሦስት ትንንሽ ዓሦች። አየር የምትነፋላቸው ሞተር ቀኑን ሙሉ ታጉረመርማለች። ጎንደር ይበርዳቸዋል፤ ጠዋትና ማታ የፈላ ውሃ በጠርሙስ ሞልቼ አንሳፍፍላቸዋለሁ። ልጅ የለንም... እነዚህ አሉ።

ጥቅምት 21

ከክንዱ ደብዳቤ ከመጣ ስድስት ሳምንት። መንገዱ ተዘግቷል ይላሉ።

ጎረቤቴ እትዬ ይርገዱ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ።

«ምነው እቴነሽ፣ ቤትሽ የሚያጉረመርመው ምንድን ነው?»

«የዓሣ ሞተር ነው፣ እትዬ።»

«የዓሣ?» አሉ። ወደ ቤታቸው ገቡ። ምነው ግቡና እዩ አላልኳቸው?

ኅዳር 3

የቀበሌ ስብሰባ። ሊቀመንበሩ ጓድ ቢሻው ተነሣና፣ «ወረቀት የሚያባዙ ፀረ ሕዝቦች እዚሁ መካከላችን አሉ» አለ። «የማባዣው ድምፅ ተሰምቷል።»

ተሰምቷል... ከየት? ማን ሰማ? የእኔ ሞተር ቢሆንስ? አስተማሪው ምናለ ከእኔ ሦስት ቤት አልፎ ነበር የሚኖረው። ከወሰዱት አሥር ቀን ሆነው፣ ወሬው የለም።

ቤት እንደገባሁ ሞተሩን ነቀልኩት። ዝምታው ራሱ ያስፈራል።

ኅዳር 5

ውሃውን በኩባያ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ አፈስሳለሁ፣ አየር እንዲገባው። በምሳ ሰዓት ከሥራ እየሮጥኩ እመጣለሁ። ዛሬ ስደርስ አንዱ ዓሣ ሞቷል። ቶሎ አወጣሁት፤ ከበሰበሰ ሌላውንም ይገድላል።

አንዱ ሽሪምፕ ደግሞ ነጭ ሆኖ በጎኑ ተጋድሟል። አለቀስኩ። በማንኪያ ሳነሣው ባዶ! ቅርፊቱን ነው ያወለቀው። ራሱ ከድንጋዩ ሥር ሆኖ ጢሙን ያወዛውዛል። ብቻዬን ሳቅኩ።

ኅዳር 6

ራሴ ቀበሌ ሄጄ ብነግራቸውስ? ሄዶ ያልተመለሰ ስንት አለ። ዝም ብል ደግሞ፣ ሲመጡ «ለምን አጠፋሽው?» ይሉኛል...

ኅዳር 7

ሄድኩ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ቤቴ ድምፅ የሚያወጣ ነገር አለ። መጥታችሁ እዩልኝ።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ባልሽ የት ነው?»

«ምጽዋ። ባሕር ኃይል።»

«ከማን ጋር ሆኖ?»

«ከሠራዊቱ ጋር ነዋ!» ጮኼ መለስኩ። ምን ነካኝ?

ፋንታሁን የሚባል ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ አስከትሎ መጣ። ቁም ሣጥኑን በረበሩ። ፍራሹን ገለበጡ። ከዚያ ጓድ ቢሻው የመስታወት ሣጥኑ ፊት ቆመ። «ከአሸዋው ሥር ምን አለ? ድፋው!»

«ጓድ፣ ይህ ውሃ ከተደፋ ሌላ አላገኝም!» እጅጌዬን ሰብስቤ እጄን እስከ ክርኔ አስገባሁና አሸዋውን ከዳር እስከ ዳር ፈልፍዬ አሳየኋቸው። ምንም የለም። ፋንታሁን ድንጋዩን በሳንጃ ሲገለብጥ አንዷን እንጉዳይ ለሁለት ቆረጣት። የቀሩት ኩምትር አሉ። ፋንታሁን ደነገጠ።

«ሕይወት አለው እንዴ?» የኮሶዬ ደጋ ሰው ነው፣ ባሕር አይቶ አያውቅም።

እኔን አልወሰዱኝም። ሞተሩን «ለምርመራ» ብለው ወሰዱት።

ኅዳር 9

ሁለተኛው ዓሣም ሞተ። አንድ ቀረ። እጄ ዝሏል።

ኅዳር 10

ጠዋት እትዬ ይርገዱ መጡ። ግቡ ብላቸው እምቢ አሉ።

«እኔ ነኝ የተናገርሁት» አሉ በር ላይ እንደቆሙ። «ሰምቶ ያልጠቆመ አብሮ ይጠየቃል ሲሉ... ልጄን አበቡን አሰብሁ። ዓሣ ስትይኝ የቀለድሽብኝ መሰለኝ።»

በሩን ልዘጋባቸው ነበር። ግን የሥራ ሰዓት ደርሷል፣ ዓሣው አፉን ከውሃው በላይ አውጥቷል... ኩባያውን ሰጠኋቸው።

«ከፍ አድርገው፣ ቀስ እያሉ ያፍስሱ።»

ወደ ሥራ ወጣሁ። ስመለስ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት ርሶ አሁንም ያፈስሱ ነበር።

ኅዳር 28

በየቀኑ ይመጣሉ። ዓሣው አለ። እንደ ድሮው ግን አንሳሳምም፤ በራስ ንቅናቄ ብቻ ነው ሰላምታችን። ዛሬ «ይቺ የተቆረጠችው እኮ ዳነች» አሉ። እውነትም ግማሾቹ ዳር ዳራቸው ክብ እየሆነ ነው። ሁለት ልትሆን ነው።

ይቅር ብያቸዋለሁ? አላውቅም።

ታኅሣሥ 17

ምጽዋ ተከባለች። ውጊያው ባሕር ኃይሉ ግቢ ደርሷል አሉ። ሬዲዮው ድል ድል ይላል። እትዬ ይርገዱ አጠገቤ ተቀምጠው ዋሉ።

ጥር 6

ፋንታሁን ሞተሩን በጋዜጣ ጠቅልሎ መለሰልኝ። ንጹሕ ነው ተብሏል። ሰካሁት፤ አረፋው ተነሣ። ፋንታሁን ሣጥኑ ላይ ጎንበስ አለ።

«ያን ዕለት የቆረጥኋት የትኛዋ ናት?»

ሁለት የሆነችውን አሳየሁት። «ሸጋ ናት» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። የአስተማሪውን ነገር ልጠይቀው ብዬ... ፈራሁ።

ጥር 19

ሆስፒታል ስልክ ተደወለልኝ። የክንዱ ጓደኛ ነው። ክንዱ ቆስሎ በመርከብ ወጥቷል፣ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቷል። ግራ እግሩን ቆርጠውታል።

በሕይወት አለ። በሕይወት አለ!

ጥር 21

ነገ በአውቶቡስ እሄዳለሁ። መቼ እንደምመለስ እግዜር ይወቅ። ከሰዓት በኋላ የቤቴን ቁልፍ ይዤ እትዬ ይርገዱ ዘንድ ሄድኩ።

አልቀበል አሉ። «ለእኔ? ምነው፣ ሌላ ሰው አጣሽ?»

«እንደ እርስዎ የሚያውቅላቸው የለም።»

«እቴነሽ... ያደረግሁብሽን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

መዳፋቸውን ይዤ ቁልፉን አስጨበጥኳቸው። ከዚያ ጉንጫቸውን ሳምኳቸው፣ ሦስቴ። ፊታቸው በእንባ ርሶ ነበር።